እኔን ባዩ ተሳላሚ

ልብስ ሰፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ መከራ ባላገኘው። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ አፉ ከልቡ ቀድሞ «እኔን!» ይላል። ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!»፣ ሰው ሲያነጥስ «እኔን!»፣ ደንበኛ ሱሪው ቂጡ ላይ ተቀዶበት ሲመጣም «እኔን!» አንድ ቀን የስፌት መኪናው መርፌ ተሰበረበትና መኪናውን «እኔን!» ሲለው ሚስቱ በገዛ ጆሮዋ ሰምታለች። ጎረቤቱ ሁሉ «እኔን ባዩ» እያለ ይጠራዋል። እሱ ሞኙ ደግሞ ምርቃት መስሎት ይኮራበታል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የሱ ግን አፋፉ ላይም አልቆመ፣ ተራራ ነው የወጣው።

ነገሩ የተጀመረው ምሳ ላይ ነው። ሚስቱ ትርፍ አንጀቷን በቀዶ ጥገና አስወጥታ ቤት ከተኛች ወዲህ እናትየው ይመላለሱ ነበር። እኚህ አማት ዕድሜያቸውን ሙሉ በሆስፒታል ቁስል ሲያጥቡና ሲያሽጉ የኖሩ ጡረተኛ ነርስ ናቸው። ሰፈሩ ዛሬም «ሲስተር» ይላቸዋል፤ ልብስ ሰፊውም «ሲስተር» ይላቸዋል። ሌላ ምን ይበላቸው? አንድ ጊዜ «እማማ» ሊል ሞክሮ በመነጽራቸው አናት ላይ አሻግረው ቢያዩት ቃሏ እዚያው ጉሮሮው ውስጥ ቀረች።

ሲስተር ለልጃቸው ሐኪም ነበር የተመኙት። «መርፌ የሚይዝ ሰው ስጣት» ብለው ጸለዩ፤ እግዜርም ቃል በቃል ሰምቶ ልብስ ሰፊ ላከላቸው። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አማቻቸውን አንቱ ይሉታል። የአክብሮት አንቱ እንዳይመስላችሁ፤ መጥሪያ ይዞ በር ላይ ለቆመ ሰው የሚባለው ዓይነት ነው። ለልጃቸው በስልክ ሲያወሩ ደግሞ «ሰውዬው ገባ?» ይላሉ። ጣሪያቸውን ደፈነላቸው፣ አንቱ። መጋረጃቸውን ሰፋላቸው፣ አንቱ። ልብስ ሰፊው ከዚህ ዓለም የሚመኘው ሁለት ነገር ነበር፤ አዲስ የስፌት መኪናና ከአማቱ አፍ አንዲት «አንተ»። መኪናው ቢቀርም ግድ አልነበረውም።

እንግዲህ ሲስተር፣ ልጃቸው ከቀዶ ጥገናው በሰላም ከወጣች ተራራው ላይ ወዳለው ገዳም በእግራቸው ሊሄዱ ተስለው ኖሯል። መንገዱ በመኪና የሚያንቀላፉበት እንጂ በእግር የሚያስቡት አይደለም።

«ስለት ስለት ነው፤ እሄዳለሁ» አሉ ሾርባቸውን እያማሰሉ። «ግን ልጄ ስፌቷ ገና አልደረቀ፣ ጓደኞቼ እግራቸው አለቀ። እስቲ አሁን ማንን ይዤ ነው የምሄደው?» ይህን ብለው ዞር ሲሉ ጉልበታቸው ከጠረጴዛው እግር ጋር ተጋጨና አቃሰቱ።

«እኔን!» አለ ልብስ ሰፊው፣ አፉ ዳቦ እንደሞላ።

የሲስተር ማንኪያ ሾርባው ውስጥ ቆመ።

«እርስዎን?» አሉ ሲስተር።

እሱ እኔን ያለው ለጉልበታቸው ነው። እሳቸው ግን «ማንን ይዤ?» ብለው ጠይቀው «እኔን» ተብለዋል፤ ሰዋስው የሚፈርደው ለሳቸው ነው። ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱ ስፌቷን በሁለት እጇ ይዛ ሳቋን ለመዋጥ ስትታገል አያትና ከዚያ ወገን እርዳታ እንደማይመጣ ገባው።

«ማለቴ...» አለ።

«ካልፈለጉ ይንገሩኝ» አሉ ሲስተር መነጽራቸውን እያወለቁ። «ድሮም አልጠበቅሁም።»

ይቺ «ድሮም» ጉበቱን ወጋችው። ዳቦውን ዋጠና «እኔን ይዘው ይሂዱ» አለ።

ማታውን ለሚስቱ ሲፎክር አመሸ። «እኔ እኮ ከጠዋት እስከ ማታ ፔዳል ስረግጥ ነው የምውለው። ይሄን ሁሉ ዓመት የረገጥኩት ቢደማመር የት በደረስኩ!»

«ፔዳል ስትረግጥ የተቀመጥክበት ወንበር ነበረ» አለችው ሚስቱ።

አዲስ ጫማም ገዛ። በአዲስ ጫማ ረጅም መንገድ የሚጀምር ሞኝ ብቻ ነው፤ ሻጩም ይህን እያወቀ እንኳን ደስ አለህ ብሎ ሸኘው። ሲስተር በበኩላቸው ከሆስፒታል ኮሪደር ጋር አብራ ያረጀችውን ነጭ ጫማቸውን አጠለቁ።

የመጀመሪያው ቀን በሳቅ አለፈ። ከከተማው ጫፍ፣ ከነዳጅ ማደያውና ከመጋዘኖቹ ረጅም አጥር ወዲያ፣ አንድ ወፍራም ሰው ከኋላቸው ሲደርስ በአፉ የመኪና ጥሩምባ ነፍቶ አለፋቸው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ተሳላሚዎችን ተራራው ሥር ሲያራግፍ ኖሮ፣ ራሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ወጥቶ አልተሳለመም። አሁን ሕሊናው ወቅሶት በእግሩ ጀምሯል። በእግርም ቢሆን ሾፌርነቱ አልለቀቀውም፤ ጥላ ባለበት ሁሉ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይቆማል።

ሦስቱም ማረፊያ ቤት ደረሱ። ባለ ድርብ ብረት አልጋዎች፣ በግድግዳው ሥር የተደረደሩ የእግር መታጠቢያ ሳፋዎች፣ በገመድ ላይ የተሰጡ ካልሲዎች፤ ሽታው ራሱ ተሳላሚን ከኃጢአቱ የሚያነጻ ነው። ሲስተር አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ።

«ተረከዜ ውሃ ቋጥሯል» አሉ።

«እኔን!» አለ ልብስ ሰፊው።

ጠዋት የሲስተር ተረከዝ ደርቆ ለስልሶ ተገኘ። የልብስ ሰፊው ተረከዝ ላይ ግን የአዝራር ያህል፣ ያውም የካፖርት አዝራር የሚያክል ውሃ ተቋጥሮ ጠበቀው። በጫማው አሳበበ፤ ማንም ቢሆን በጫማው ነበር የሚያሳብበው።

በማግስቱ ቁልቁለቱ ላይ ሲስተር ቆም አሉና «ወይ ጉልበቴ!» አሉ። «እኔን!» አለ። እስከ ምሳ ሰዓት ሲስተር ሁለቱንም ጉልበታቸውን ረስተዋል፤ የልብስ ሰፊው ግን በየእርምጃው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ከዚያ «ወገቤን ያዘኝ» አሉ። «እኔን!» አለ፤ ምን ያድርግ፣ አፉ ነው። በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ የጠፋ ሳንቲም እንደሚፈልግ ሰው ጎንበስ ብሎ መሄድ ጀመረ። አውራ ጣታቸውን ድንጋይ መታቸው፤ «እኔን!» አለ። የሱ አውራ ጣት ጥፍር ጠቆረ። ማጅራታቸውን ፀሐይ ፈጃቸው፤ «እኔን!» አለ። የሱ ማጅራት ተላጠ። የጭኑ መላላጥ ግን የራሱ ነው፤ ለዚያ ሲስተር ተጠያቂ አይደሉም። በዚያ ምክንያት እግሮቹን አንፈርክኮ ሲሄድ ያየ ሁሉ ፈረሱ ከሥሩ የሸሸበት ጋላቢ ይመስለዋል።

ሲስተር ወደፊት ሄደው ሄደው ዞር ይላሉ። «ይምጡ እንጂ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰሙም?»

«ይሄዳል አሉ እንጂ ይደርሳል አላሉም» ይላል ልብስ ሰፊው በሆዱ።

ምሥጢሩን የደረሰበት ሾፌሩ ነው። ከአንድ ዛፍ ሥር «ወራጅ አለ!» ብሎ ቆሞ ሁለቱን በየተራ አያቸው። ሲስተር እየዘለሉ ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ አየ፤ ልብስ ሰፊው በአራት እግሩ ሊቀመጥ ሲሞክር አየ።

«ወንድሜ» አለው፣ «አንተ እኮ የጭነት መኪና ሆነሃል። ሴትዮዋ ያራግፋሉ፣ አንተ ትጭናለህ። እሳቸው ወይ ሲሉ አንተ እኔን ትላለህ። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ሲባል አልሰማህም?»

«እሱ እኮ የሰውን አጥንት ነው።»

«አንተ የራስህን ሰበርክበት። በል አፍህን ዝጋ፤ አለዚያ ተራራው ሥር የምትደርሰው በቃሬዛ ነው።»

ልብስ ሰፊው አልሳቀም። አንድ በአንድ ቆጠረው፤ ተረከዙ፣ ጉልበቱ፣ ወገቡ፣ ጥፍሩ፣ ማጅራቱ። አንዱም አልጎደለም።

በማግስቱ መስቀለኛው መንገድ ላይ ወደ ቤት የሚመለስ አውቶቡስ ቆሞ አገኙ። ሲስተር ቀድመው አልፈዋል፤ አያዩትም። ልብስ ሰፊው አንድ እግሩን የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ አወጣ። ሁለተኛውን ለማንሳት ሲሞክር ጉልበቱ እንቢ አለ። እዚያው ተሰቅሎ ቀረ፤ ረዳቱ ከላይ «ትገባለህ ወይስ ትወጣለህ?» ይለዋል፣ እሱም መልሱን አያውቀውም። ያን ጊዜ የሲስተር ድምፅ በጆሮው መጣ፤ ስልኩን ይዘው ለልጃቸው «ሰውዬው ተመለሰ? ድሮም...» ሲሉ የሰማ መሰለው። ይሄን ሁሉ ውሃ የቋጠረው ያቺን «ድሮም» ሊያጠፋ አልነበረም? ረዳቱን «እባክህ፣ እግሬን ብቻ አውርድልኝ» አለው። ረዳቱም እግሩን እንደ ሻንጣ አንስቶ መሬት ላይ አስቀመጠለት።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን አፉን ዘጋ። ሲስተር ወይ ሊሉ ሲሉ ዳቦ ይጎርሳል፤ አንዳንዴም ገና ፊታቸው ሲጨፈገግ ይጎርሳል። የሁለት ቀን ስንቅ በግማሽ ቀን አለቀ። ከሰዓት በኋላ ሲስተር ጉንጫቸውን ይዘው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ጥርሴን!» አሉ። «ኧረ ጥርሴን!»

ዳቦ የለም። ልብስ ሰፊው ከንፈሩን ነከሰ። እ... አለች ምላሱ። እኔ... አለች። እሱም እንደ ምንም ጠመዘዛትና «እ... እግዜር ይማርዎ!» አለ።

ሲስተር ቀና ብለው አዩት። የተናደዱ መስሎት ነበር። አልተናደዱም፤ ያዘኑ ይመስላሉ፤ ይህ ደግሞ ለሱ ባሰበት።

«ምን አጠፋሁ?» አሉት።

«ምንም።»

«ሁልጊዜ እኔን ይሉኝ ነበር። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ተዉኝ።»

ልብስ ሰፊው መሬት መሬቱን አየ። ምን ብሎ ይንገራቸው? የእርስዎን ወገብ ተሸክሜ ነው የምሄደው ይበላቸው?

«ይሄን ሁሉ ዓመት ቁስል ሳጥብ» አሉ ሲስተር፣ ጉንጫቸውን እንደያዙ፣ «ሰው ሁሉ እኔ ላይ ነው የሚጮኸው። ሲስተር እጄን፣ ሲስተር እግሬን። እኔም ዝም በል፣ አይገድልህም እላለሁ። ሥራዬ ነው። ቤቴ ስገባ ደግሞ እግሬ ሳፋ የማይበቃው እስኪሆን አብጦ እገባለሁ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማርና፣ አሞኛል ስለው ‹ተኝተሽ ተነሺ› ነበር የሚለኝ። እኔን ያለኝ ሰው አላስታውስም። እርስዎ ናቸው። ልማድዎ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለመኪናም ይላሉ አሉ። ቢሆንም...» ቀሪውን አልጨረሱም፤ ጥርሳቸው ያዛቸው።

ሾፌሩ ከወዲያ በሁለት እጁ ዝም በል፣ ዝም በል እያለ ምልክት ያሳየዋል። ልብስ ሰፊው አይቶታል፤ ሒሳቡንም አውቆታል። ዕድሜውን ሙሉ ሳያስበው ሲረጨው የኖረውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ አስቦበት፣ ፈርቶም ጭምር፣ ከልቡ አወጣው።

«እኔን!» አለ። «ከነሥሩ እኔን!»

ሾፌሩ ግንባሩን መታ።

ጠዋት ሲስተር የጥርስ ሕመማቸው ጠፍቶላቸው የደረቀ ዳቦ ሲቆረጥሙ ተገኙ። የልብስ ሰፊው ጉንጭ ከዓይኑ ሥር እስከ አገጩ አብጦ፣ ፊቱ ወደ አንድ ወገን ያዘመመ ትራስ መስሏል። እንግዲህ አማኝ እንደ አማኝነቱ፣ ሐኪም እንደ ሐኪምነቱ ይፍረድ። ሾፌሩ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ልብስ ሰፊው አጠገብ ማሳል እንኳ አቆመ።

ተራራው ሥር ሲደርሱ የቀረው የድንጋይ ደረጃው ብቻ ነበር። ብቻ ይባላል እንጂ ቀና ብሎ ላየው ጫፉ የለውም። ሲስተር ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወጡ፣ ወጡ፤ ከወጣቶቹ ቀድመው ወጡ። ልብስ ሰፊው የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ለመነሳት ሞከረ፤ ወገቡ ጉልበቱን፣ ጉልበቱ ተረከዙን፣ ተረከዙ ጥፍሩን ጠየቀ፤ ሁሉም ባንድ ድምፅ እንቢ አሉ። ይህን ሁሉ መንገድ መጥቶ እዚህ ሊቀር ነው። አንገቱን ደፋ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ጥቂት ቆይቶ ሁለት ነጭ ጫማዎች ፊቱ ቆሙ። ሲስተር ያን ሁሉ ደረጃ ተመልሰው ወርደው ነው።

«ምን ሆኑ?»

«ይሂዱ ሲስተር» አለ፣ ያበጠው ጉንጩ ቃሉን እያኮላተፈበት። «ስለቱ የርስዎ ነው። እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ። ለልጅዎም ሰውዬው ደረጃው ሥር ቀረ ይበሏት።»

ሲስተር ደነገጡ። «ማነው ሰውዬው ያለዎት?»

«እርስዎ ነዎታ። በስልክ ሲያወሩ እኮ ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማል።»

የሲስተር ፊት ከአንገታቸው ጀምሮ ቀላ። ሲያፍሩ አይቷቸው አያውቅም፤ ማፈራቸውን እንዴት እንደሚያደርጉት እሳቸውም የሚያውቁ አይመስሉም። እንዳፈሩም ተቆጡ።

«ተነስ!» አሉት።

«ምን አሉኝ?»

«ተነስ አልኩህ! ደግሞ ደንቁረሃል? ጆሮዬን አላልኩ እኔ! ይሄ ከየት መጣ?»

ለካ እሳቸውም ያውቁ ኖሯል! ልብስ ሰፊው ሳቁ አመለጠው፤ ጉንጩ እየተሰነጠቀም ቢሆን ሳቀ። ጆሮው ደህና ነበር። እንዲያውም የጤናማ ጆሮን ጥቅም እንደዚያን ቀን አውቆት አያውቅም። «እስቲ ይድገሙልኝ» አለ።

«ዝም በል፤ እግርህን ወዲህ በል።»

ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያን የተረገመ አዲስ ጫማ ከእግሩ አወጡ። ካልሲው ከቆዳው ጋር ተጣብቋል፤ በውሃ እያራሱ ቀስ ብለው ላጡት። በነዚያ እጆች ስንት ቁስል አልፏል፤ አንዱም የሲስተርን ፊት አነቃንቆት አያውቅም ነበር። የአማቻቸውን እግር ገልብጠው ሲያዩት ግን ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ።

«እኔን!» አሉ ሲስተር።

ልብስ ሰፊው ከተቀመጠበት ሊዘል ምንም አልቀረው። «አይበሉ! ኧረ በእግዚአብሔር ይመልሱት! ይሄን ሁሉ ደረጃ ሊወጡ እኮ ነው! ሾፌር፣ አላሉም በል፣ አልሰማንም በል!»

ሾፌሩ ዞር ብሎ ጥሩምባውን ነፋ፤ በዚህ ጉዳይ ቃሉን ሊሰጥ አልፈለገም።

ሲስተር መልስ ሳይሰጡ እግሩን በፋሻ አሰሩ፣ ጫማዎቹን በማሰሪያቸው አንገቱ ላይ አንጠለጠሉለት፣ ክንዱንም ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው አነሱት። ቆመ። ተረከዙ እንደጠበቀው አልጮኸም። አንድ ደረጃ ወጡ፣ ሁለት ወጡ። ሦስተኛው ላይ ሲስተር ድንገት ቀጥ አሉ።

«ወይ ጉልበቴ!» አሉ።

የልብስ ሰፊው አፍ ወዲያው ተከፈተ። ሲስተር ግን ቀደሙት፤ በመዳፋቸው አፉን ግጥም አድርገው ያዙት።

«እንዳትል!» አሉት። «ይሄ የኔ ነው። ደግሞ ‹እኔን› ያልኩት ለእግርህ ብቻ ነው፤ ጥርሱ ያንተው ነው።»